አጎቴ አኑፕራስ ሊሰቀሉ የነበረበት ቀን

በእኛ አገር ሠርግ ሲያልቅ አማላጁ ይሰቀላል።

አትደንግጡ። የሚሰቀለው የእሱን ኮት የለበሰ የገለባ ሰው ነው። አማላጁ ሙሽራውን ሲያሞግስ ለሴቲቱ ቤተሰብ የዋሸው ውሸት ሁሉ በሠርጉ የመጨረሻ ቀን ይዘረዘርበታል። ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ሰዎች እጁን አስረው ያመጡታል፣ ዳኛ ይፈርድበታል፣ ገመድ አንገቱ ላይ ይገባል። ልክ በዚያች ሰዓት ሙሽራዪቱ የሸመነችውን ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ታደርግና ታድነዋለች። ከዚያ ይሳቃል፣ ቢራ ይቀዳል፣ የገለባው ሰው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በአልኒስ ሐይቅ ዙሪያ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፣ ከእኔ በቀር። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት በሄድኩባቸው ሠርጎች ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ኬክ አብዝቼ ስለምታመም የአንዱንም መጨረሻ አይቼ አላውቅም።

አጎቴ እላቸው ነበር እንጂ አኑፕራስ የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ሥራቸው ታንኳ መሥራት፣ ጨዋታቸው ሰው ማጋባት ነበር። በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ባልና ሚስቶች ግማሾቹን ያገናኙት እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ግን ጎተራው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ለምን አላገቡም ብሎ የሚጠይቃቸው ሲመጣ ጢማቸውን እየጠመዘዙ፣ “እኔን የሚያሞግስልኝ ውሸታም አጥቼ ነው” ይላሉ።

በዚያ በጋ ያጋቡት የእናቴን ታናሽ እህት አልዶናን ነበር። ሙሽራው ፌሊክሳስ ይባላል። ሊታይ በመጣ ቀን ከጋሪው ሳይወርድ ነው እሺ የተባለለት፤ አጎቴ አኑፕራስ እግሩን ወለም ብሎት ነው ብለው እዚያው ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ አሳዩት። አጭር መሆኑ የታወቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። አልዶና ከዚያ ቀን ጀምሮ ተረከዝ ያለው ጫማ አላደረገችም፤ ቅር ያላት ግን አትመስልም ነበር።

በሠርጉ የመጨረሻ ቀን ጠዋት፣ ትልልቆቹ ገና ከእንቅልፋቸውና ከቢራው ጋር ሲታገሉ፣ አልጊስ እጄን ይዞ ወደ ሣር ማከማቻው ወሰደኝ። አልጊስ የእናቴ ያጎት ልጅ የክሌዎፓስ ልጅ ነው። ከእኔ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሁሉን ያውቃል። በሩን ዘግቶ አሳየኝ። ጥላሸት የሞላ ድስት ነበር። አዲስ ገመድ ነበር። ጥግ ላይ ደግሞ በገለባ የተወጠረ፣ የአጎቴን አኑፕራስን አሮጌ ኮት የለበሰ፣ ፊት የሌለው ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

ምንድነው ይሄ ብዬ ጠየቅኩት።

“ለልምምድ ነው” አለኝ። “ገመዱ ክብደታቸውን መቻሉ መጀመሪያ በገለባ ይሞከራል።”

“የማንን ክብደት?”

“የአጎትሽን ነዋ። ፌሊክሳስ ረጅም ነው ብለው ዋሽተዋል። የዋሸ ይሰቀላል፣ ድሮም ሕጉ ነው።”

እንዳልዋሹ ብከራከር ደስ ባለኝ፤ ፌሊክሳስ ግን አጭር ነበር፣ ምን ይደረግ። እኔ ራሴም በዚያው ሳምንት ቅቤውን የላሰችው ድመቷ ናት ብዬ ስለነበር ሳላስበው አንገቴን ዳሰስኩ።

ያም ሆኖ አልጊስን ብቻ አላመንኩም። ወደ ማዕድ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ክንዷ ድረስ እንስላል በእንስላል ሆና የቀይ ሥር ሾርባ ላይ ትከትፋለች። አጎቴን ዛሬ ይሰቅሏቸዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

“ከምሳ በኋላ” አለች ቀና ሳትል። “አሁን ከእግሬ ሥር ጥፊ።”

እንዲህ ነው እንግዲህ የሞት ፍርድን ያረጋገጥኩት።

አጎቴ አኑፕራስ በመስታወት ፊት ቆመው አገጫቸውን ሲላጩ ደረስኩባቸው። ፊታቸው ሳሙና በሳሙና ነበር። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ፣ ሊሰቅሏቸው መሆኑን፣ ጥላሸቱን የቀላቀለው ክሌዎፓስ መሆኑን፣ ገመዱን በዓይኔ ማየቴን ነገርኳቸው። በመስታወቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ደማቸው ከፊታቸው ሲሸሽ ያየሁ መሰለኝ፤ ሳሙናው ነው። ጢማቸውም ለምን እንደተንቀጠቀጠ አሁን መገመት አይከብደኝም።

“ታዲያ ምን ይሻለናል፣ እንቁራሪቴ?” አሉ በዝግታ። እንቁራሪት የሚሉኝ ክረምት ካልሆነ ከውሃ ስለማልወጣ ነው።

“እናምልጥ።”

“ወዴት?”

“ማዶ። እዚያ ፖም ያላቸው ሴትዮ አሉ አይደል? ቤታቸው ለብቻው ነው። ውሻም የላቸውም።” ውሻ እንደሌላቸው የማውቀው ፖማቸውን ሁለት ጊዜ ስለሰረቅኩ ነው፤ ይህን ግን አልጨመርኩም።

ጢማቸው መንቀጥቀጡን አቆመ። ምላጩን አስቀመጡት።

“ቴዎፊሌ ጋ” አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለመስታወቱ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ሁሉ የሚሞት ሰው ሥራ መሰለኝ። የተረፈችውን የሳሙና አረፋ ቀስ ብለው ጠረጉ። ለሠርጉ ያደረጉትን ሸሚዝ አውልቀው ከሣጥን ሌላ ነጭ አወጡ፤ የተተኮሰ ነበር። ከመስኮቱ ላይ አንዲት ብልቃጥ አንስተው አንገታቸውን ሽቶ ቀቡ። ይህኛው ብቻ ገባኝ፤ ውሾች ጠረናቸውን ይዘው እንዳይከተሏቸው ነው። በብልሃታቸው ኮራሁ።

በባቄላው መደብ መሀል ጎንበስ ብለን ወረድን። አኮርዲዮን ተጫዋቹ መሣሪያውን ታቅፎ ከአጥሩ ሥር ተኝቷል፤ ስናልፈው አኮርዲዮኑ በራሱ ትንሽ አቃሰተ። አጎቴ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አዩኝ። እኔም አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሰው ጋር ብዙ ቦታ ሄጃለሁ፤ እንደዚያ አድርጎ ከልቡ አብሮኝ የሸሸ ሰው ግን የለም።

ታንኳዋ ሬንጅ ትሸታለች። እኔ ከፊት ተንበረከክሁ፤ አጎቴ ለቁመቴ የጠረቡልኝ ትንሽ መቅዘፊያ ነበረችኝ። እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው በረጅሙ መቅዘፊያ ገፋ ሲያደርጉ ሸምበቆው እየተፋቀ አሳለፈን፣ ከዚያም ሐይቁ ተከፈተ።

ያን ቀን ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ውሃው ከመተኛቱ የተነሳ የማዶው ጥድ ሁሉ ተገልብጦ ውስጡ ቆሟል፤ መቅዘፊያዬን ስነክረው ጫፎቹን የምሰብራቸው ይመስለኝ ነበር። አንዲት ዳክዬ ልጆቿን አስከትላ በፊታችን አቋረጠች፣ እኛን ከቁም ነገር ሳትቆጥር። ፀሐዩ ማጅራቴን ይጠብሰኛል፤ ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበው ውሃ ደግሞ ጉልበቴን ያቀዘቅዘዋል። ከኋላችን ከግቢው የሳህን ድምፅና የሰው ሳቅ በውሃው ላይ ተንሸራቶ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ሳቅ የክሌዎፓስ ይመስለኝና ጠንክሬ እቀዝፋለሁ። እየቀዘፍኩም ምክር እሰጣለሁ፤ ማንም ቢጠይቅዎ አላውቅም ይበሉ፣ ምንም ነገር አይመኑ።

“እሺ” ይላሉ ከኋላ።

መሀል ስንደርስ ታንኳዋ ቀጥ አለች። ዞር ብዬ ሳይ አጎቴ መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመውታል። መቅዘፍ ያስተማሩኝ እነዚያ እጆች ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

“እንመለስ” አሉ።

“ይሰቅሉዎታል እኮ።”

“ይስቀሉኝ። ይሄኛው ይብሳል።”

ሰው በፍርሃት አእምሮው ሲዛባ እንዲህ ነው ብዬ አዘንኩላቸው። አዘንኩ እንጂ አልራራሁም፤ ዝም ብለው ይቅዘፉ አልኳቸው፣ እናቴ ሾርባሽን ጨርሺ ስትል በምትናገረው ድምፅ። ትንሽ አመነቱና መቅዘፊያውን አነሱ። ያን ቀን የፈሩት ገመዱን እንዳልነበር ካወቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም።

ቴዎፊሌ ሣር ሲገለብጡ አገኘናቸው። ትልቅ አጥንት ያላቸው፣ እጅጌያቸውን የሰበሰቡ፣ ፊታቸው በፀሐይ የቀላ ሴት ናቸው። መንሹን ተደግፈው ከታንኳው ስንወርድ እያዩ ጠበቁን።

“አንተ ነህ?” አሉ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ከአያቴ በቀር ሰው ሁሉ አጎቴን አኑፕራስን እርስዎ ነበር የሚላቸው፣ የጋራ እርሻው ሰብሳቢም ሳይቀር።

“እኔ ነኝ” አሉ አጎቴ።

“መንገድ ጠፋህ?”

“ሐይቅ ላይ ምን መንገድ አለ።”

“ለዚያ ነዋ ይህን ያህል ዓመት የፈጀብህ።”

አጎቴ፣ ያ ሁሉ አፍ እያላቸው፣ ቆባቸውን አውልቀው ያገላብጡት ጀመር። ስለዚህ እኔ ገባሁበት። እንደሚሰቀሉ፣ ከምሳ በኋላ እንደሆነ፣ የሚደብቃቸው ሰው እንደምንፈልግ ባንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ቴዎፊሌ በጥሞና ሰሙኝና ውሸቱ ምን እንደነበር ጠየቁ። ፌሊክሳስ ረጅም ነው ማለታቸው ነው አልኩ።

“እሱማ ያሰቅላል” አሉና ከፖሙ ዛፍ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ወሰዱን።

ኪያር ለሁለት ሰንጥቀው ማር አፈሰሱበትና አቀረቡልን። እኔ እየበላሁ ሥራዬን ጀመርኩ፤ አሳልፈው እንዳይሰጧቸው ማሳመን አለብኝ። አጎቴ ብዙ አይበሉም አልኩ። ቢራ አይወዱም። አያንኮራፉም። ሲያንኮራፉ የጎተራው ርግቦች ይበሩ እንደነበር እኔም አውቃለሁ፣ ግን የሰው ነፍስ ነው የተያዘው። ጥርሳቸው ሁሉም የራሳቸው ነው አልኩ።

“ጥርሱን ተይው፣ አይቼዋለሁ” አሉ ቴዎፊሌ። “ላም አለው?”

“ሁለት።”

አንድም አልነበራቸውም። አጎቴ ኪያር ትን አላቸው።

“አንተ ነህ ያስጠናሃት?”

“ኧረ የራሷ ነው” አሉ አጎቴ እያሳሉ። “እኔ እንኳ አንድ ላም ብዬ ነው የምጀምረው።”

ጠበቃ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሰውዬው ኖረው ኖረው ያጡትን ውሸታም ያን ቀን ከጎናቸው ተቀምጣ፣ አገጯ ማር በማር ሆኖ አግኝተዋት ነበር።

ከዚያ ቴዎፊሌ ቀልዱን ተዉት። ንብ ማሩ ላይ ስታርፍ በእጃቸው ሳያባርሯት አዩዋት።

“ስለ ባልትሩስ የነገርከኝ ሁሉ እውነት ነበር” አሉ። ባልትሩስ ባላቸው ነበሩ፣ የአጎቴ ጓደኛ፤ ሲሞቱ እኔ አልተወለድኩም። “ደግ ሰው ነው አልከኝ፣ ደግ ነበር። ሠራተኛ ነው አልከኝ፣ ነበር። ስለ እሱ አልዋሸኸኝም።”

“አልዋሸሁሽም።”

“እዚያ በር ላይ ግን ልትወጣ ስትል አንድ ነገር ጠይቄህ ነበር።”

አጎቴ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩ። “ጠይቀሽኝ ነበር።”

“ምን አልከኝ?”

“የለም አልኩሽ።”

“ነበር?”

በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረገጥኳቸው። በታንኳው ላይ የመከርኳቸው ለዚህ ነበር እኮ፤ ምንም አያምኑም ተባብለናል። ረግጬም ምንም አልፈየድኩም።

“ነበር” አሉ።

በቃ፣ ሰውዬው በገዛ አፋቸው ጠፉ አልኩ። ጥያቄው ምን እንደነበር የነገሩኝ ቴዎፊሌ ራሳቸው ናቸው፣ ባለፈው መጋቢት አጎቴን በቀበርን ማግስት፣ ድንች ልጠን ስንጨርስ። አኑፕራስ ለጓደኛቸው ለባልትሩስ አማላጅ ሆነው መጥተው፣ ሲያሞግሱት ውለው፣ እሺ ከተባሉ በኋላ፣ ወጣቷ ቴዎፊሌ በሩ ድረስ ሸኝታቸው ነበር። እዚያ ላይ፣ አንተስ በልብህ የያዝከው ሰው የለም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ለጓደኛቸው ቃል ገብተዋል። የለም አሉ። በሐይቁ ዙሪያ ከዋሹት ውሸት ሁሉ ማንም ያልከሰሳቸው በእሱ ብቻ ነው።

ቴዎፊሌ ግን ያኔ ይህን ለእኔ ለማስረዳት ጊዜ አልነበራቸውም። ሽርጣቸውን ፈትተው ወንበሩ ላይ ጣሉት።

“ተነሱ” አሉ። “ይህ ሰው መሰቀል አለበት። እኔም ሄጄ በዓይኔ ማየት አለብኝ።”

አጎቴ ተነሱ። ፈገግ ብለው ነበር። ፈገግ። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት፤ ደባቂ ብዬ ያመጣኋቸው አሳሪ ሆነው አረፉ፣ እስረኛውም አእምሮው የለም። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስንመለስ ቴዎፊሌ መሀል ተቀመጡ፣ የእሑድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። መጀመሪያ በአንድ ወገን ብቻ እየቀዘፍኩ ታንኳዋን ላዞር ሞከርኩ። አጎቴ ከኋላ በቀላሉ መለሷት። ቀጥዬ መቅዘፊያዬን ጣልኩት፤ ቴዎፊሌ ጎንበስ ብለው ከውሃው አንስተው ሰጡኝ። የቀረኝ ወለሉ ነበር። ከፊት በኩል የአዝራር ቀዳዳ የሚያህል ስንጥቅ ነበረ፤ አጎቴ ሬንጅ የነካ ጨርቅ ወትፈውበት ነበር። በእግሬ ጣት ይዤ ሳብኩት።

ውሃው ሳይቸኩል ገባ። እግራችን ሥር ተንጣለለ፣ ከፍ አለ።

“አኑፕራስ፣ የሠራኸው ታንኳ ያፈሳል።”

“ጠዋት አያፈስም ነበር።”

“ጠዋት እኔ አልነበርኩም፣ ወፍራም አድርገህኛል ማለት ነው።”

“አንድ ቃል አልወጣኝም።”

“አሰብክ።”

ቴዎፊሌ በአንድ እጃቸው ቆርቆሮ ይዘው ውሃውን እየጨለፉ፣ በሌላው ከእግሬ ሥር ፈልገው ጨርቁን አገኙት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ማርና ሣር ይሸቱ ነበር።

“ልወትፈው ወይስ ሁላችንም እንስጠም?” አሉኝ በሹክሹክታ። “አንቺ ነሽ የምትወስኚው።”

አሰብኩበት። መዋኘት እችላለሁ፣ አጎቴም ይችላሉ። ቴዎፊሌ ይችሉ እንደሆን ግን አላውቅም ነበር።

“ይወትፉት” አልኩ።

“ደህና ልጅ ነሽ” አሉና ሳቁ። አጎቴም ሳቁ። የሁለቱ ሳቅ እንደዚያ ተደራርቦ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለእኔ ግን የገዳይና የእብድ ሳቅ ነበር።

የግቢው ሰው በሙሉ ዳር ወርዶ ይጠብቀን ነበር። የሚሰቀል ሰው ጠፍቶ ሠርጉ ማለቅ አቅቶታል። ጥላሸት የተቀቡት ሰዎች በሙቀቱ ላብ ወርዶባቸው ፊታቸው እንደ ሜዳ አህያ ተዥጎርጉሯል፤ አልዶና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ክሌዎፓስ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ታንኳዋን ያዘ።

“ወዴት ሄደው ነበር ጃል? ገመዱ ደረቀብን” አላቸው።

ቀጥሎ ቴዎፊሌን አየና አፉን ከፍቶ ቀረ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሐይቁን አቋርጠው ሠርግ መጥተው አያውቁም።

አጎቴን እጃቸውን አስረው ከዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አቆሟቸው። ዳኛው ክሱን አነበበ፤ ፌሊክሳስ ረጅም ነው፣ ፌሊክሳስ ሰገነት ያለው ቤት አለው፣ ፌሊክሳስ አይጠጣም። ፌሊክሳስ ራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ረጅም መሆኑን ሊያስመሰክር ሞከረና ወደቀ። ሰዉ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። በሞት የሚስቅ ሕዝብ መሀል መወለዴን ያን ቀን ተረዳሁ።

የመጨረሻ ቃል ተጠየቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ነው አጎቴ የሚደምቁት፤ ውሸቱን በሌላ ውሸት እየሸፈኑ ሰዓት ይሄድ ነበር አሉ። ያን ቀን ግን አላስረዘሙም።

“ሁሉንም ዋሽቻለሁ” አሉ። “ከሁሉም የከፋውን ደግሞ እናንተ አታውቁትም። ለሚገባት ነግሬያታለሁ።”

ተጨበጨበ። ክሌዎፓስ ገመዱን አንገታቸው ላይ ሲያስገባ ግን እኔ በሰው እግር መሀል ሾልኬ ደርሼ ነበር። ክንዱ ላይ ነከስኩት። ጥላሸቱ ይመራል። ክሌዎፓስ ጮኸ፣ ሰዉ ያም የጨዋታው ክፍል መስሎት ጭብጨባውን አቀለጠው፣ እናቴ መጥታ በቀሚሴ ማጅራት አንጠልጥላ ወሰደችኝ።

ያኔ አልዶና ፎጣውን ይዛ ተነሳች። የፎጣውን ነገር ገና አሁን ማየቴ ነው፤ ሁለት እርምጃ ስትሄድ የሰዉ ፊት ለስለስ ሲል አየሁና ልታድናቸው እንደሆነ ገባኝ። በእናቴ እጅ ላይ ሆኜ መተንፈስ ጀመርኩ።

ቴዎፊሌ የአልዶናን ክንድ ያዙ።

“ቆይ የኔ ልጅ” አሉ። “ትንሽ ይቁም።”

አልዶና ግራ ገባት። ሳቁ ከዳር ጀምሮ እየጠፋ መጣ። አጎቴ አኑፕራስ አግዳሚው ላይ፣ ገመድ አንገታቸው ላይ፣ እጃቸው ታስሮ ቆመዋል፤ ዝንብ ግንባራቸው ላይ አረፈች፣ ሊያባርሯት አልቻሉም። ቴዎፊሌን ያያሉ። ቴዎፊሌም ያዩዋቸዋል። ሌላ ማንም የለ ይመስል። እኔ በሕይወቴ የዚያን ያህል የጠላሁት ሰው የለም። ያቺን “ቆይ” ለብዙ ጊዜ ይቅር አላልኳቸውም። አሁን ግን፣ እሳቸው ማዶ ሆነው ስንት ዓመት እንደቆሙ ሳስብ፣ ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቢቆሙ ምን አለበት እላለሁ።

“በቃ” አሉ ቴዎፊሌ መጨረሻ ላይ። ፎጣውን ከአልዶና እጅ ወሰዱ፣ አግዳሚው ላይ ወጡ፣ ገመዱን በራሳቸው እጅ አውልቀው ፎጣውን ትከሻቸው ላይ አደረጉላቸው። ይህ የሙሽራ ሥራ ነው። ሴቶቹ ተያዩ። እናቴ፣ “እ-ህ” አለች ረዘም አድርጋ፣ ያዝ ያደረገችኝን እጇን እያላላች። አኮርዲዮኑ ተነሳ፤ የገለባው ሰው ተሰቀለ።

አጎቴ ተረፉ። ይሁንና ሐሳቤ አላረፈም። ፀሐይ ገና ጥዶቹ ላይ ሳለች ቴዎፊሌ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ተነሱ፣ ላም የሚያልብላቸው ሰው የለማ። እኔ አደርሳቸዋለሁ ብዬ መቅዘፊያዬን ይዤ ቀረብኩ፤ በዓይኔ ሥር ቢሆኑ ይሻል ነበር። አኑፕራስ ያደርሰኛል አሉ። ሁለቱም ሄዱ። ታንኳዋ እያነሰች እያነሰች ስትሄድ ከዳር ቆሜ አየሁ፣ ሳትመለስ እራት ቀረበ። ተነሥቼ ለሰዉ ሁሉ አስታወቅኩ፤ ቴዎፊሌ አጎቴን ማዶ ወስደው ሊሰቅሏቸው ነው፣ እዚያ ፎጣ የሚጥል ሰው የለም። ክሌዎፓስ የተነከሰ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ እየደበደበ ሳቀ። አልዶና እስክትንፈራፈር ሳቀች። እናቴ ብቻ ራሴን ዳሰስ አድርጋ፣ አጎትሽስ ዛሬ ራሳቸውን ችለዋል አለች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ተመለሱ። በሸምበቆው ውስጥ ስጠብቅ ነበርና መጀመሪያ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ከታንኳው ገና ሳይወርዱ አንገታቸውን እንዲያሳዩኝ አዘዝኩ። ጎንበስ አሉልኝ። በፀሐይ ከመቅላቱ በቀር ምንም የለበትም።

ከእኔ ጋር ብዙ አልቆዩም፤ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲወጡ በአንድ ክንዳቸው ትራሳቸውን ታቅፈዋል፣ በሌላው የክረምት ቦት ጫማቸውን አንጠልጥለዋል። ሐምሌ ነው። ድንጋይ የሚሰነጥቅ ሙቀት ነው።

“ቦቱ ለምንድነው?” አልኳቸው።

“ኅዳር ላይ ማዶ ይበርዳል።”

ኅዳር። ቆሜ አሰላሁት። እንግዲያው ፍርዱ ተለውጦ ነበር፤ ስቅላቱ ቀርቶላቸው እስራት ሆኗል፣ ሰውም ትራስና የክረምት ልብስ ይዞ የሚገባው ወህኒ ነው።

“ስንት ዓመት ፈረዱብዎት?”

አጎቴ አኑፕራስ አልሳቁም። ትራሱን በብብታቸው ደገፍ አድርገው በጣም ከልባቸው አሰቡበት።

“ዕድሜ ልክ ነው፣ እንቁራሪቴ።”

አለቀስኩ። ጠያቂ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ይፈቀዳል አሉ። ስንቅ ይገባ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ በጭስ የደረቀ ዓሣ ከሆነ ይገባል አሉ። እጃቸው ሙሉ ስለነበር መቅዘፍ አልቻሉም። ቦት ጫማዎቹን ከፊቴ አስቀመጥኩ፣ እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩና እኔው ራሴ አሳልፌ ልሰጣቸው ውሃውን ገፋሁት። ጠባቂዋ ከማዶ፣ ፀሐዩን በእጃቸው ጋርደው፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ቆመዋል። እዚያ ቶሎ እንዳንደርስ ቀስ አልኩ፤ አንድ ቀዘፋ፣ ዕረፍት፣ አንድ ቀዘፋ።

እስረኛዬ ትራሳቸውን እንደታቀፉ ከኋላዬ ተንጠራሩ።

“ምነው ደከመሽ?” አሉ። “ጠንከር አድርጊው እንጂ።”